በሮም ስድስት ቀን፦ ፓስፖርቴን ካጣሁ በኋላ የተማርኩት

ወደ ሮም የሄድኩት ለሦስት ቀን የሥራ ስልጠና ነበር። ስልጠናው የሚጀምረው ሰኞ ስለሆነ ዓርብ ሌሊት ከቦሌ ተነሥቼ ቅዳሜ ማለዳ ለመግባት፣ ቅዳሜንና እሑድን ከተማውን ለማየት፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ለመሠልጠን፣ ሐሙስ ማታ ደግሞ ለመመለስ አቅጄ ነበር። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ያምር ነበር። ሆኖም ሮም በገባሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፓስፖርቴን፣ ስልኬን፣ የባንክ ካርዴንና አብዛኛውን ገንዘቤን በአንድ ጊዜ አጣሁ። እንደ እኔ ለጥቂት ቀናት ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ወገኖቼ፣ በተለይም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዙ፣ እኔ የከፈልኩትን ዋጋ እንዳይከፍሉ በማሰብ ነው ይህን የምጽፈው። ረጅም ጊዜ የሚቆይ ሰው የጠፋበትን ቀን በሌላ ቀን ሊያካክሰው ይችላል፤ ስድስት ቀን ብቻ ላለው ሰው ግን አንዲት የግማሽ ደቂቃ መዘናጋት ሦስት ቀን ትበላበታለች።

ከዝግጅቱ ልጀምር። የሼንገን ቪዛ ለማግኘት ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ዋስትና መግዛት ግዴታ ነው፤ እኔም ገዛሁ። ነገር ግን ወረቀቱን ከማመልከቻው ጋር አያይዤ ካስገባሁ በኋላ አንድም ቀን አላነበብኩትም። ፓስፖርት ለጠፋበት ተጓዥ የሚሰጥ እርዳታ እንደነበረውና ይህንንም ለማግኘት በ24 ሰዓት ውስጥ ደውሎ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግ ያወቅሁት አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነው። እባካችሁ ዋስትናችሁን ከመነሣታችሁ በፊት አንብቡት፤ የሚደወልበትንም ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ቪዛው ሲለጠፍላችሁም የሚያበቃበትን ቀን ብቻ አትዩ። እዚያው ላይ እንድትቆዩ የተፈቀደላችሁ የቀን ብዛት ለብቻው ተጽፏል፤ ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። ለእኔ የተፈቀደልኝ ከጉዞዬ በጥቂት ቀናት ብቻ የሚበልጥ ነበር፤ ይህም በኋላ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

በዝግጅቴ ወቅት ሁለት ነገሮች በትክክል ተደርገዋል፤ ሁለቱም በራሴ ብልሃት አልነበሩም። ታናሽ እህቴ የፓስፖርቴን የመጀመሪያ ገጽ፣ የቪዛውን ገጽና የአውሮፕላን ትኬቱን ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ወደ ራሷ ላከች። እናቴ ደግሞ ከመሄዴ በፊት በነበረው ምሽት ጉርድ ቀሚሴን ተቀብላ ከገበሩ ሥር ትንሽ ኪስ ሰፋችና 150 ዩሮ አጥፋ ከተተችበት። ኪሱ ከአሮጌ የትራስ ልብስ የተቆረጠ፣ በነጭ ክር በእጅ የተሰፋ፣ አፉም በሁለት ትንንሽ ቁልፎች የሚዘጋ ነበር። «ይህን ዘመን ያለፈበት ነገር ተዪው» ብያት ነበር፤ እሷ ግን መልስ እንኳ ሳትሰጠኝ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ቅዳሜ ማለዳ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስኩ። ማረፊያው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ14 ዩሮ፣ በ32 ደቂቃ፣ በመካከል ሳይቆም ወደ ዋናው የተርሚኒ ጣቢያ ይወስዳችኋል። ሆቴላችሁ በትራስቴቬሬ፣ በኦስቲየንሴ ወይም በቲቡርቲና አካባቢ ከሆነ ግን በ8 ዩሮ የሚሄደው መደበኛ ባቡር ይሻላችኋል፤ ተርሚኒ አይገባም፣ ነገር ግን ወደነዚያ ሰፈሮች በቀጥታ ያደርሳል። በታክሲ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ከማረፊያው እስከ መሀል ከተማ የተወሰነ ታሪፍ አለ፤ እኔ በሄድኩበት ጊዜ 55 ዩሮ ነበር። አራት ሆናችሁ ከተጓዛችሁ የታክሲው ዋጋ ከሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ጋር ይቀራረባል። የምትሳፈሩት ከማረፊያው በር ፊት ለፊት ከተሰለፉት ነጭ ታክሲዎች ይሁን፤ አዳራሹ ውስጥ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ የሚቀርባችሁን ሰው አትከተሉ።

እኔ በባቡሩ ተርሚኒ ደረስኩ። ተርሚኒ የሮም ባቡሮችና ሁለት የምድር ውስጥ ባቡር (ሜትሮ) መስመሮች የሚገናኙበት፣ ሰው እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስበት ጣቢያ ነው። የሆቴሉን አድራሻ ስልኬ ላይ አየሁና ለሜትሮው ሳንቲም ለማውጣት ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያም ያቺን የትከሻ ቦርሳ ከትከሻዬ አውርጄ በተጎታች ሻንጣዬ ላይ አስቀመጥኳት፤ ሌሊቱን ስላልተኛሁ ትከሻዬን አሞኝ ነበር። በትኬት መቁረጫው ማሽን ፊት ቆሜ ቋንቋውን ስፈልግ ንጹሕ የለበሰች ወጣት ከጎኔ መጣችና በፈገግታ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ልርዳሽ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ማሽኑን ነካ ነካ አድርጋ ወደ እንግሊዝኛ ቀየረችልኝ፣ የምመርጠውንም ትኬት በጣቷ አሳየችኝ። እያመሰገንኳት ዘወር ስል ሻንጣዬ በቦታው ነበር፤ ቦርሳዬ ግን አልነበረችም። ወደ ማሽኑ ዞሬ ወደ ወጣቷ ስመለስ እሷም የለችም። ይህ ሁሉ ሠላሳ ሴኮንድ የፈጀ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ያሰብኩት ስለ ሌቦቹ አይደለም፤ ያን ሁሉ ነገር በአንዲት ቦርሳ ስለማጨቄ ነው። ፓስፖርቱ፣ ስልኩ፣ ካርዱ፣ ገንዘቡ፣ የግብዣ ደብዳቤው፣ የሆቴሉ አድራሻ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። በሮም ኪስ አውላቂዎች የሚበዙበት ቦታ የታወቀ ነው፦ ተርሚኒ ጣቢያ፣ የሜትሮው ሀ እና ለ መስመሮች፣ ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ፣ የትሬቪ ፏፏቴ ዙሪያ። በነዚህ ቦታዎች ሳትጠይቁት ሊረዳችሁ የሚመጣን ሰው በትሕትና «አመሰግናለሁ፣ አያስፈልገኝም» ብላችሁ ቦርሳችሁን ወደ ደረታችሁ ሳቡ። በባቡር በር አጠገብም አትቁሙ፤ በሩ ሊዘጋ ሲል ነጥቆ መውረድ የተለመደ ነውና። ፓስፖርታችሁን በልብስ ሥር በሚታሠር መያዣ፣ አንዱን ካርድ በሻንጣ፣ ጥቂት ገንዘብ በኪስ አድርጉ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲቀራችሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መሮጥ ነበር፤ ወዴት እንደምሮጥ ግን አላውቅም። አንድ የጣቢያው ሠራተኛ አይቶኝ በጣቢያው ውስጥ ወዳለው የፖሊስ ቢሮ አደረሰኝ። እዚያ የጠፋብኝን ዘርዝረው ጻፉና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጡኝ። ጣሊያኖች ዴኑንቺያ ይሉታል። በዚያ ቅጽበት ወረቀቱ ምንም የማይጠቅም መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ሆቴል የገባሁት፣ ከኤምባሲ ሰነድ ያገኘሁትና ከአገር የወጣሁት በእሱ ነው። የተሰረቀ ዕቃ አይገኝም ብላችሁ ፖሊስ ዘንድ መሄድን አትተዉ። ስማችሁና የትውልድ ቀናችሁ በትክክል መጻፉንም ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል አረጋግጡ፤ የእኔ የአያቴ ስም ተሳስቶ ነበርና አስተካክለውልኛል። ችግሩ አስቸኳይ ከሆነ በመላው ጣሊያን የሚደወለው 112 ነው።

ከቢሮው ስወጣ ሌላ ችግር ገጠመኝ። የማስታውሰው የሆቴሉን ስም ብቻ ነው። የእህቴን ቁጥር አላውቀውም፤ የአስተባባሪዎቼንም አላውቅም። ሁሉም ያለው ስልኬ ውስጥ ነው። ከጣቢያው ጎን ባለው በካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስሄድ በራሳችን ፊደል የተጻፈ የምግብ ቤት ሰሌዳ አየሁ። በዚያ አካባቢ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች እንዳሉ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ገና አልከፈቱም ነበር፤ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ወንበር እየደረደሩ ነበር። በአማርኛ ሰላምታ ስሰጥ ድምፄ ተሰበረ። «አይዞሽ ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ» አሉኝ፤ ሻይ አስቀረቡልኝና ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አደረጉልኝ። «የማንን ቁጥር ታስታውሻለሽ?» ሲሉኝ በቃሌ የማውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ እናቴ ዓመታት ሙሉ ያልቀየረችው ቁጥር። እናቴ አነሣች፣ ለእህቴ ሰጠቻት፤ እህቴም የፓስፖርቱንና የቪዛውን ፎቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወደ እኒያ እናት ስልክ ላከች። ባንኬም ካርዱን እንዲዘጋው ደወለችልኝ፤ ሲም ካርዴንም አዘጋችልኝ። እኔን ያዳነኝ ይህ ቅጽበት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ቁጥር በቃላችሁ ያዙ፤ የሰነዶቻችሁንም ቅጂ አገር ቤት ለሚቀር፣ ስልክ ለሚያነሣ ሰው ስጡ።

የእናቴ 150 ዩሮ እስከ ረቡዕ አኖረኝ። ምግብ ቤቱ መታጠቢያ ክፍል ገብቼ እነዚያን ሁለት ቁልፎች ስፈታ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

በጣሊያን ሆቴሎች የእንግዳን ማንነት መዝግበው ለፖሊስ እንዲያሳውቁ ሕጉ ያስገድዳቸዋል፤ ስለዚህ ያለ ፓስፖርት ክፍል አይሰጡም። እንግዳ ተቀባዩ መጀመሪያ አንገቱን ነቀነቀብኝ። ዴኑንቺያውንና በወረቀት ያሳተምኩትን የፓስፖርት ቅጂ ሳሳየው ግን ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ መዘገበኝ። ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ነገር የከተማ ግብር የሚባለው ነው፤ እንደ ማረፊያው ደረጃ በሰው፣ በአዳር፣ እስከ 10 ዩሮ የሚደርስ ሲሆን ቀድማችሁ የከፈላችሁት የክፍል ዋጋ ብዙውን ጊዜ አይጨምረውም። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ለይታችሁ ያዙ።

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኮሎሲየም ትኬት ነበረኝ። ፖሊስ ቢሮና ምግብ ቤት ስዞር ሰዓቱ አለፈ፤ ገንዘቡም አልተመለሰም። የኮሎሲየም ትኬት የጎብኚው ስም የሚጻፍበት፣ የመግቢያው ሰዓት የተወሰነና መታወቂያ የሚጠየቅበት ስለሆነ ለደረሳችሁበት ቀን አትቁረጡት። በረራ ይዘገያል፣ ሻንጣ ይጠፋል፣ ሰው ይደክማል። የመጀመሪያውን ቀን ባዶ ተዉት። ለእሑድ ያቀድኩት ደግሞ የቫቲካን ሙዚየሞችን ነበር፤ ሙዚየሞቹ ግን ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ናቸው። ይህን ሳላጣራ ነው ዕቅዴን ያወጣሁት።

ቢሆንም እሑድን ክፍሌ ውስጥ ተቆልፌ አላሳለፍኩም። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው በነጻ ነው፤ በጠዋት 1 ሰዓት ሲከፈት የደረሰ ሰው ሰልፉ ሳይረዝም ይገባል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ እኔ ነጠላዬን ይዤ ስለነበር ምንም አልተቸገርኩም፣ ከፊቴ የነበሩ ሁለት ሴቶች ግን እጅጌ በሌለው ልብሳቸው ምክንያት ተመልሰዋል። ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት እዚያ ከነበሩት ወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ነው። ያለ ፈቃድ ስለማይገባ ከውጭ ሆኜ አቅጣጫውን ብቻ ነው ያየሁት፤ ያም ሆኖ ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በእግርና በመርከብ እዚህ የደረሱትን አባቶች ሳስብ የእኔ ችግር ትንሽ ቀለለልኝ።

ሰኞ ሙሉ ቀንና ማክሰኞ ጠዋት ያለፉት በኤምባሲያችን ነው። ፓስፖርት ለጠፋበት ተጓዥ ሊሴ ፓሴ የሚባለውን ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ ይሰጣሉ። የያዝኩት የፖሊሱን ወረቀት፣ የፓስፖርቱን ቅጂ፣ የመመለሻ ትኬቱንና ጉርድ ፎቶዎችን ነበር። ፎቶውን የተነሣሁት ጣቢያ ውስጥ ካለ የፎቶ ማሽን ነው። ቅጂው ባይኖረኝ ኖሮ ማንነቴን ከአዲስ አበባ እስኪያጣሩ ምን ያህል እንደምቆይ ማሰብ አልፈልግም። ቅዳሜ የጠፋበት ሰው እስከ ሰኞ መጠበቅ ግድ ስለሚሆንበት ጉዟችሁ ዓርብ ወይም ቅዳሜ የሚጀምር ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ። በዚህ ምክንያት የስልጠናዬ ግማሽ አመለጠኝ፤ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ስለ ዕለት ተዕለቱ ጥቂት ልበል። የአውቶቡስና የሜትሮ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፣ በሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ያስገባል። ታባኪ ከሚባሉት፣ «ቲ» የሚል ምልክት ከተሰቀለባቸው ሱቆች ይገዛል። አውቶቡስ ላይ ስትወጡ በማሽኑ ማስመታት አለባችሁ። አብሮን የሠለጠነ አንድ ወንድም ትኬት ገዝቶ፣ ኪሱ ውስጥ ይዞት፣ ሳያስመታ በመቀመጡ ብቻ ከ50 ዩሮ በላይ ተቀጥቷል። የውኃ ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ፤ በየመንገዱ ሌት ተቀን የሚፈሰው የብረት ቧንቧ ውኃ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛና ነጻ ነው። ቡና ቤት ገብታችሁ ቆማችሁ ከጠጣችሁ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ከተቀመጣችሁ ሊያጥፍ ይችላል። እዚያ ማኪያቶ ስትሉ የሚመጣላችሁ በሲኒ ውስጥ ጠብታ ወተት የነካው ጥቁር ቡና ነው፤ የእኛን አገር ማኪያቶ የመሰለ ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ እዘዙ። የስፔን ደረጃዎች በሚባለው ታዋቂ የድንጋይ ደረጃ ላይ መቀመጥም ያስቀጣል።

ሐሙስ ሙሉ ቀን ነጻ ነበርኩ፤ ሻንጣዬን ሆቴል ትቼ ለዚያ ቀን ያሰብኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ጠዋት በአዲሱ ሰነዴ ኮሎሲየም ገባሁ። 18 ዩሮ የሚከፈልበት ትኬት ጥንታዊውን የሮማ አደባባይና የፓላቲን ኮረብታንም ይጨምራል፤ ሁሉንም በእርጋታ ለማየት አራት ሰዓት ያስፈልጋል። ከዚያ በቅዱስ ጎርጎርዮስ ጎዳና ሩብ ሰዓት ያህል በእግሬ ተጉዤ ፖርታ ካፔና አደባባይ ደረስኩ። የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 አምጥተው አቆሙት፣ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2008 በቦታው ተመረቀ። 24 ሜትር ርዝመት ያለው ድንጋይ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በአሜሪካ የደረሰው የሽብር ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመዋል። መኪናው በዙሪያው ይጋፋል፤ ከመንገዱ ማዶ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ አለ። የሚያቆም ነገር የለውም ብሎ የሚያልፈው ይበዛል። እኔ ግን ከጉዞዬ ሁሉ በሰላም የቆምኩት እዚያ ነው። ሮም የሚሄድ ኢትዮጵያዊ በቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ጣቢያ ወርዶ አሥር ደቂቃ ቢሰጠው ደስ ይለኛል።

ለመውጣት ከበረራው አራት ሰዓት ቀድሜ ፊዩሚቺኖ ተገኘሁ። ቪዛዬ የነበረው በጠፋው ፓስፖርት ላይ ስለሆነ በሕጋዊ መንገድ መግባቴን የማስረዳው በቪዛው ቅጂና በዴኑንቺያው ነበር። የኢሚግሬሽን መኮንኑ ከሊሴ ፓሴው ጋር ሦስቱን ወረቀቶች ይዞ ወደ ውስጥ ገባና ከአርባ ደቂቃ በኋላ ማኅተም መትቶ ተመለሰ። ዘግይታችሁ ብትደርሱ ያ አርባ ደቂቃ በረራችሁን ያስመልጣችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዴኑንቺያውን ዋና ቅጂ ለማንም አትስጡ፤ በየደረሳችሁበት ፎቶ ኮፒውን ብቻ አስረክቡ። አዲስ አበባ አዲስ ፓስፖርት ለማውጣት ስቀርብ መጀመሪያ የተጠየቅሁት እሱን ነው፤ አራት ቦታ ታጥፎ እናቴ በሰፋችው ኪስ ውስጥ ነበር።